ስም አልባው የጃርት ደብዳቤ

ተረት ላምጣላችሁ፤ «አምጪ» በሉኝ።

«ጅግራ ለምንድነው የማትመልስልኝ?» ይህን ጥያቄ አንዲት ጃርት ዓመታት ተሸክማው ኖረች። ጃርትና ጅግራ አብሮ አደጎች ነበሩ። በድርቁ ጊዜ ጅግራ ወንዝ ተሻግራ ሄደች፤ ጃርት ጉድጓዷ ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

የዚያ ዘመን ደብዳቤ በክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነበር። ከወንዙ ወዲህ መስመር ሲያልቅ አንድ ጥቁር ዶቃ ይሰካል። ከወንዙ ወዲያ ግን መስመር የሚያልቀው በጥቁርና በነጭ ነው። ስለዚህ መሻገሪያው ላይ የምትቀመጠው ጦጣ ከየጥቁሩ ቀጥሎ አንድ ነጭ ትጨምራለች። ላኪው የዶቃውን ብዛት ክሩ ራስ ላይ ያመለክታል፤ ስሙን ደግሞ እንደ ወጉ መጨረሻ ላይ ይሰካል።

ጃርት አንድ ደብዳቤ ላከች፤ መልስ የለም። «አጥሮባት ይሆናል» ብላ ሁለተኛውን አስረዘመችው፤ መልስ የለም። ሦስተኛውን ከሁሉም አስረዘመችው፤ አሁንም መልስ የለም።

በመጨረሻ ራሷ ወደ መሻገሪያው ወረደች።

«አንቺ እሾሃም፣ ዛሬስ ራስሽን ልትልኪ ነው?» አለች ጦጣ።

«እመት ጦጣ፣ ደብዳቤዎቼን አሻግረሻል?»

«አሳምሬ! ነጭ የጎደለው መስመር የለም።»

ጃርት ዋኝታ ተሻገረች። ከወዲያ በር ላይ ሸርጣን ቆሟል። እግሩ ሥር የዶቃ ክምር አየች፤ በክምሩ ውስጥ ስሟ ሦስት ጊዜ ወድቋል።

«አያ ሸርጣን፣ ይህ ምንድነው?»

«ትርፍ ነዋ! ክሩ ራስ ላይ መቶ ካለ መቶ ዶቃ አስገባለሁ፤ የቀረውን በመቀሴ ቀጭ!»

«ጅግራስ?»

«ታነባለች። ‹ማነው እንዲህ የናፈቀኝ?› እያለች ታለቅሳለች። ለማን ትመልስ?»

«ልግባና ልንገራት።»

«እሾህ ያለው አይገባም።»

«እሺ፣ ስሜን ንገርልኝ።»

«እኔ እቆጥራለሁ እንጂ አላወራም፣ እቴ።»

ጃርት ስሟን ከመሬት ለቅማ ተመለሰች። ለካ ዶቃውን የቆጠረችው ጦጣ ነጩን ሳትጨምር ነበር፤ ደብዳቤ ባስረዘመች ቁጥር መስመሩ በዝቶ፣ ነጩ በዝቶ፣ የሚቆረጠውም በዝቶ ኖሯል።

ልጆች፣ የምትልኩት ነገር መንገድ ላይ የሚጨመርበት ከሆነ፣ ሳይጨመርበት አትቁጠሩት።

ጃርትም ወሰነች፦ ነጩን ዶቃ ራሷ ልትሰካ፣ ጦጣን «ነጭ ካየሽ አትንኪብኝ» ልትላት፣ ስሟን ሰክታ ስትጨርስ ብቻ ልትቆጥር። ያን ዕለት አራተኛውን ክር አነሳች።