ጋሼ ሽባባው የመረጡት ጎራዴ

በእኛ ከተማ በሬ ለሚገዛ፣ ቤት ለሚከራይ፣ አማች ለሚመርጥ ሁሉ የሚተረት አንድ ተረት አለ። ተረቱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን እየሳሳ ሄዷል። አንዳንዱ ከነገሥታቱ ዘመን የተረፈ ነው ይላል። ባለፈው ሰሞን አንድ መምህር ጭራሽ ከግዕዝ የተወረሰ ነው እያለ ሲያስረዳ ሰምቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከግዕዝም ከነገሥታትም አልመጣም። የመጣው ከእኔ ሱቅ ነው፤ ጎራዴውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ስሜ ምትኩ ይባላል፤ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ኖረ። እኔ ግን የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን ሲወስድብኝ ጊዜ ወደ አምሳያ ጎራዴ ዞርኩ። በየደብሩ ዕቃ ቤትና በየሽማግሌው ቤት ያሉትን የጥንት ጎራዴዎች አስፈቅጄ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ አስመስዬ እሠራለሁ። ቱሪስት ይወስዳል፣ የቲያትር ቡድን ይወስዳል፣ ፎቶ ቤቶችም ሙሽራ የሚያስታጥቁት ከእኔ ወስደው ነው።

ተረቱ በተወለደበት ዓመት፣ ጥር ሲገባ፣ ግድግዳዬ ላይ አምስት ጎራዴዎች ተሰቅለው ነበር። አንዱ እንደ ማጭድ የጎበጠ ሾተል ነው። አንዱ ቀጥ ያለ፣ በሁለት በኩል የተሳለ። ሦስተኛው የእጅ መከለያው ከነሐስ የተሠራ የመኮንን ጎራዴ ነው። አራተኛው የእኔ ምርጫ ነበር። ስለቱን ከጭነት መኪና ባሌስትራ አውጥቼ አንድ ወር ሙሉ የደከምኩበት፣ እጀታው የበሬ ቀንድ፣ አፎቱ ተራ የላም ቆዳ። እንደ ልጄ ነበር የምወደው፤ ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ሰው ሁሉ የሚያየው አምስተኛውን ነው። አፎቱ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ከላይ እስከ ታች በነሐስ ጉብጉብ ያጌጠ፣ ከእጀታው ላይ የሐር ዘርፍ የተንጠለጠለበት። አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ አዝዞኝ ሳይወስደው የቀረ ነው። ባለቤቱ «ጠጪ እየመዘዘ እንዳይጫወትበት ስለት አይኑረው» ስላለኝ ከእጀታው ሥር አንዲት ስንዝር ብረት ብቻ አድርጌ አፎቱ ውስጥ ወተፍኳት። የቀረው እንጨትና ባዶ ነው።

ጋሼ ሽባባው የመጡት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አመጣጣቸውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል። ወንድማቸው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ይታየው ሊያገባ ነው፤ የልጅቷ አባት አቶ ገረመው ደግሞ «ወንድ ከሌለበት ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። በሦስተኛው እሺ ያሰኛቸው አጎት አለ መባሉ ነው። በእኛ ዘንድ ሠርገኛው ከሙሽሪት ደጅ ሲደርስ ሴቶቹ «አናስገባም» ብለው በር ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ የሙሽራው አባት ጎራዴ መዝዞ ይፎክራል፣ በሩም ይከፈታል። አባት ከሌለ አጎት ነው። የይታየው ጋብቻ እንግዲህ በጋሼ ሽባባው እጅ ላይ ነበር።

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አምስቱንም እየዞሩ አዩ። ሾተሉን «የአጫጅ ዕቃ» አሉት። ቀጥ ያለውን «እንደ ምርኩዝ የተገተረ!» አሉት። የመኮንኑን ትንሽ አሰቡበትና ተዉት። አራተኛውን እኔው አውርጄ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ እኔን ከጠየቁኝ ይኼን የሚያህል የለም። ይምዘዙትና ይዩት።»

«ይኼን የለማኝ ኮሮጆ ታጥቄ ሰው ፊት ልቁም?» አሉና መለሱልኝ። ዓይናቸው ቀዩ ላይ ተተክሎ ቀረ። አውርደው ወገባቸው ላይ ለኩት፣ ዘርፉን አበጠሩት፣ ከግድግዳዬ መስታወት ፊት ቆመው ደረታቸውን ነፉ።

«ይኼ ነው! ዱሮም ልቤ ነግሮኛል።»

«እሱንም ይምዘዙታ» አልኳቸው። «ጎራዴ ሳይመዘዝ አይታወቅም።»

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ጎራዴ በዋዛ ይመዘዛል? አንዴ ከወጣ ደም ሳያይ አይመለስም። አባቴ እንዲያ አድርገው ነው ያሳደጉኝ።»

«ይኼ እኮ አምሳያ ነው፣ ጋሼ።»

«አምሳያም ቢሆን ሕግ አለው።»

«ለምን ፈልገውት ነው?»

«ለቤት ክብር» አሉኝ፣ እንደዚሁ ባጭሩ።

«እንዲያ ከሆነ ስለዚህ ስለ ቀዩ አንድ ነገር ልንገርዎ...»

እጃቸውን አነሱብኝ። «አንተ ቀጥቃጭ ነህ፤ ብረትህን ቀጥቅጥ። የጎራዴን ነገር ለታጠቀ ዘር ተወው።»

ቀጥቃጭነቴ አያሳፍረኝም። ግን ቃሉ በዚያ ድምፅ ሲወጣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማው አይቻለሁ። ተናደድኩ። «ስለት የለውም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ራሴን አታለልኩና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ሠርጉ የዋለው በሳምንቱ እሑድ ነው። አቶ ገረመው ጎረቤቴ ናቸውና እኔም ተጠርቼ ዳሱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሠርገኛው ሲመጣ ከፊት የማየው ማንን ነው? ጋሼ ሽባባውን፤ ካባ ደርበው፣ ወገባቸው ላይ ቀዩ ጎራዴ። ሮጬ ልነግራቸው ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ጭብጨባው ስለቀለጠ የሚሰማኝ አልነበረም። ጋሼ ሽባባው ወደ መሐል ገቡና ድምፃቸውን ለቀቁት፦

«የወንድሜን ደጃፍ፣ ሰው የለው ያላችሁ፣
እነሆ መጣሁኝ፣ እዩ ዓይን ካላችሁ!»

እውነቱን ለመናገር ፉከራ ያውቁበታል፤ የሰው ጠጉር ቆመ። ከዚያ እጀታውን ጨብጠው ባለ በሌለ ኃይላቸው መዘዙ። ረጅም ስለት የጠበቀ ክንድ ወደ ላይ ተወረወረ፤ በጫፉ ላይ አንዲት ስንዝር ብረት። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ጋሼ ሽባባው ብረቷን አዩ፣ አፎቱን አዩ። ቀሪው ውስጥ የቀረ መስሏቸው አፎቱን ዘቅዝቀው ቢያራግፉት ትንሽ ሰጋቱራ ፈሰሰ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። የይታየው እናት እትዬ አንጓች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ልጁ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ያሳዘነኝ የጋሼ ሽባባው ውርደት ሳይሆን የልጁ ነው።

አቶ ገረመው አልሳቁም። «አላልኳችሁም?» ብለው ጮኹ። «ወንድ የሌለበት ቤት ነው አላልኩም? በሩ አይከፈትም! ይመለሱ!»

ጋሼ ሽባባው እኔን ከሰው መሐል አዩኝና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይኼ ነው! ይኼ ቀጥቃጭ ነው ያታለለኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የአቶ ገረመው አባት፣ አባ ቸኮል፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ሲናገሩ ልጃቸውም ዝም ይላል። በምርኩዛቸው ወደ እሳቸው ጠሩኝ።

«እውነት ነው ልጄ?»

«ስለት እንደሌለው አውቅ ነበር፣ አባ። ልነግራቸው ጀምሬ ቀጥቃጭ ሲሉኝ ተቀየምኩና ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው።»

«ጥፋትህ ነው» አሉኝ፤ አላቀለሉልኝም። ወደ ጋሼ ሽባባው ዞሩ። «አንተስ? ስትወስደው መዝዘህ አላየኸውም?»

«ጎራዴ በዋዛ አይመዘዝም ብዬ ነው፣ አባ። ደግሞ... ያማረ ነበር።»

አባ ቸኮል ራሳቸውን ነቀነቁና ልጃቸውን ጠርተው ሙሽራውን በምርኩዛቸው አመለከቱ። «ገረመው፣ ይኼን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«የሰፈራችን ልጅ አይደል? እንዴት አላውቀውም?»

«አባቱ ከሞተ ወዲህ እናቱንና ሦስት እህቶቹን ያኖረ ማን ነው? አጎትየው ነው?»

«እሱ ራሱ ነው። ወፍጮ ቤት እየሠራ።»

«ታዲያ ወንድ የለበትም የምትለው የትኛውን ቤት ነው?»

አባ ቸኮል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የበሩን መወርወሪያ በገዛ እጃቸው ሳቡና ይታየውን «ግባ፣ ልጄ» አሉት። ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ አለፈ፤ እናቱም እያለቀሱ ተከተሉት። ሽማግሌው በሩን እንደያዙ፣ ስንዝሯን ብረት ጨብጠው የቆሙትን ጋሼ ሽባባውንና አንገታቸውን የደፉትን የገዛ ልጃቸውን ተራ በተራ አዩና እንዲህ አሉ፦ «አፎት አይቶ የመረጠ፣ ሲመዘዝ አፈጠጠ።»