ግራዝማች ተራ የጠበቁ ዕለት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያን «ደግ ሰው» የምትሉትን ሰው፣ ማን እምቢ ሲለው አይታችሁ ነው ደግ ያላችሁት?

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ አያቶቻችን እንኳ «ድሮ» ይሉት በነበረ ዘመን። ቀጭን ውሃ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንጓች ምላሷ እሳት ነው ይባል ነበር። የሰው ዶሮ ጓሮዋ ከገባ ዶሮውን ትሳደባለች፤ ዶሮው አልበቃ ሲላት የባለቤቱን ዘር ማንዘር ትቆጥራለች። በዚያው መንደር ግራዝማች አየልኝ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ደግ ነበሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ያገኙትን ሁሉ ይመርቃሉ። ቄሱ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ የሳቸውን ስም ይጠራሉ።

እኒህ ደግ ሰው የአንጓችን የሽምብራ ማሳ ድንበሩን ገፉ፤ ደግመው ገፉ፤ በመጨረሻ ማሳውን እንዳለ ዋጡት። አንጓች ሌላ መሬት የላትም። ማሳው ከሄደ የቀራት የሰው ደጅ መጥናት ነው። ስለዚህ ከሰሰቻቸው።

በዚያ አገር ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት የልብሳቸውን ጫፍ እርስ በርስ ቋጥረው ነው። በመንገድ የተማታ ወይም ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። መንደሩ ሳቀ።

«አንጓች? ወንዙን ሳትሻገር ትቧጭራቸዋለች!» አለ።

ግራዝማችም ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ከመንደር እንደወጡ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ረግረጉ ላይ ሲደርሱ ሳብ አደረጓት። አንጓች በአፍጢሟ ተደፋች።

«ውይ እህቴን! እንቅፋት መታሽ?» አሉ፤ መንገደኛ ያይ ነበርና።

አንጓች ጭቃውን ተፋች። የምትለው አፏ ድረስ ሞልቷል። እጇን ሰበሰበች፤ ቋጠሮዋን አጠበቀች።

ቀትር ላይ ሰርግ ቤት ደረሱ። ግራዝማችን የማያውቅ የለም፤ ግቡ ተባሉ። ዶሮ ወጥ ቀረበ።

«ለእሷ አታቅርቡ፤ ስለት አለባት፤ ጾመኛ ናት» አሉ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው።

ቤቱ ሁሉ አደነቃት። ሙሽራዋ «እናቴ፣ ጸልዪልኝ» አለቻት። አንጓች ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ግራዝማች አጥንቱን ጆሮዋ ሥር ጋጡ። እጇን ሰበሰበች፤ ቋጠሮዋን አጠበቀች።

ዳገቱ ላይ ማንም አልነበረም። ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ባልሽን ምን ገደለው? በሽታ ይላሉ። እኔ ግን ካንቺ ሽሽት ይመስለኛል።»

አንጓች ቆመች። እግሯ ሥር ለዱላ የሚሆን እንጨት ወድቋል። አየችው። ግራዝማችም አዩት፤ እንዲመቻት ጭራሽ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ጠበቁ። ባሏ ያረፈው በዚያ ማሳ ላይ ሽምብራ ሲዘራ ነው። እንባዋ መጣ። እጇን ሰበሰበች፤ ቋጠሮዋን አጠበቀች።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ዳኛው በአህዮች የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾችን እየሰሙ ነበር። ግራዝማች አልፈው ሊቀመጡ ሲሉ አጋፋሪው በዱላው ከለከላቸው።

«ተራዎን ይጠብቁ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። ከአህዮቹ በኋላ።»

ግራዝማች በዕድሜያቸው ተራ ጠብቀው አያውቁም። ሁሉም ሰው መንገድ ሲለቅላቸው ነው የኖሩት። ጥቂት ቆሙ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ያ ለስላሳ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«አንተ የውሻ ልጅ!» ብለው ዘለሉ። ቋጠሮው ያዛቸው። በጥርሳቸው ፈቱትና የአጋፋሪውን ጢም ጨመደዱ።

ዳኛው ቀና አሉ። «ቋጠሮውን ማን ፈታው?»

አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ከነምራቁ አንስታ አሳየች። ማሳው ተመለሰላት።

ዛሬም በቀጭን ውሃ «እገሌ እኮ ትዕግሥተኛ ነው» ሲባል፣ አዛውንቱ «ከአህዮቹ በኋላ ቆሟል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንጓችንም በትዕግሥቷ ያስታውሷታል። ቄሶች ሲያስተምሩ የሚዘሏት የነገሩ ጭራ ግን አለች።

ከፍርዱ በኋላ ግራዝማች ድንጋይ ተሸክመው እግሯ ላይ ወደቁ።

«አንጓች፣ ይቅር በይ እንጂ» አሉ ሽማግሌዎቹ። «እግዜርም ይቅር ይላል።»

«እግዜር ከሳቸው ጋር ተቋጥሮ አልመጣ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ እንዴት ቻልሽው?»

«ማሳዬን ፈልጌ።»

«በይ እሳቸውን ተያቸው፤ የሳቀብሽን መንደር እንኳ…»

«እሳቸውንም፣ መንደሩንም፣ እናንተንም» አለች አንጓች። «አንድም ሰው ይቅር አልልም።»