ለአያ ጥይት ያልተነሣችው ቆቅ

ና ተጠጋ፣ እንዳያመልጥህ። ቆቅ እንቁላሎቿን ታቅፋ እየተንቀጠቀጠች ነው። አያ ጥይት ደግሞ አፍንጫውን ወደ እሷ ቀስሮ ያፏጫል።

ምን አድርጋው መሰለህ? አልተነሣችለትም፣ በቃ። ያኔ ጥይት ጠመንጃ ሳያስፈልገው ብቻውን ይዞር ነበር። የደረሰበት ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይለዋል፤ እሱም «በእግዜር» ብሎ ያልፋል። ቆቅ ግን ቁጭ እንዳለች ቀረች።

«አያ ጥይት፣ ብነሣ እንቁላሎቼን ይበርዳቸዋል» አለችው።

«እንግዲያው በመሃልሽ አልፋለሁ» አለና ለመንደርደር ወደ ኋላ ራቀ።

«ኧረ ከፊቴ የሚቆምልኝ» አለች ቆቅ።

ቆርቆሮ ቀድሞ ደረሰ። «እኔ እያለሁ? ዝናብ እንኳ አላሳልፍም እኮ።»

አያ ጥይት መጣ። ቆርቆሮ «ቋ» ከማለቱ በሆዱ በኩል ሰማይ ታየ። ጥይቱ የቆቅን ላባ ጨርፎ አለፈና ዞሮ ተመለሰ።

«ዞር በል፣ አንተ ስስ» ብሎ ድንጋይ ተተካ። ደረቱን ነፋ። «አልነሣም፣ አላሳልፍም። ምን ታመጣለህ?»

አያ ጥይት መጣ። እውነትም አላለፈም፣ ነጥሮ ተመለሰ። ግን ከድንጋይ ደረት ፍንጣሪ ተነሣና አንዱን እንቁላል ሰበረው።

«ጀግና ነህ፣ አባቴ» አለችው ቆቅ እያለቀሰች። «ልጄን የገደልከው ግን አንተ ነህ።»

ይሄኔ መንገድ ዳር የተከመረው አሸዋ እየተንሸራተተ መጣ።

«አንተ ደግሞ? ነፋስ የሚነዳህ?» አለ ቆርቆሮ በቀዳዳው እያጮለቀ።

«እኛ ድብድብ አናውቅም። እንግዳ መቀበል ነው የምናውቀው» አለ አሸዋ። ከቆቅ ፊት ተከመረ።

አያ ጥይት ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። የፊተኛዋ ቅንጣት ብድግ አለች።

«ኖር።»

«በእግዜር።»

ቀጥላ ያለችው ብድግ አለች። «ኖር።»

«በእግዜር።»

ክብር ይወዳላ፣ ዝም ብሎ እንዴት ይለፍ? «ኖር»፣ «በእግዜር»። «ኖር»፣ «በእግዜር»። «ኖር»፣ «በእግ...» ትንፋሹ አጠረ። አፍንጫው ተደፈጠጠ። መሃል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ወዲያ ማዶ ቆቅ ነፋሱ እንኳ አልደረሳትም።

«ቆይ እስቲ፣ ስንት ናችሁ?» አለ እያለከለከ።

አንዲት ቅንጣት ጠጋ አለችው። «አረፍ በል፣ አያ ጥይት። እስካሁን የተነሣንልህ ደጅ ያለነው ብቻ ነን፤ የቤቱ ሰው መምጣትህን እንኳ ገና አልሰማም።»