የአዲሱ አቀበት ስም

ጉም በማይለየው ደጋ አገር፣ በአንድ ወቅት፣ አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሸንተረሩም ምንጩም በማን ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት፣ አዲስ ስም ሲያስፈልግም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ክረምት ናዳ የመንደሩን ብቸኛ መውረጃ ይዞት ሄደ። ጨው አለቀ። አንዲት ሴት በምጥ እንደተያዘች፣ የሚያወርዳት መንገድ ጠፍቶ ሞተች።

ያኔ ደባልቄ የሚባል ጎልማሳ ወገቡን በጠፍር አስሮ ገደሉን ወረደ። እግር የሚያስቆመውን ቦታ ሁሉ በከሰል እያመለከተ ማለፊያውን አገኘው። ሲመለስ ጠፍሩ ተበጠሰ። አስከሬኑንም ከገደሉ ሥር የሚወርደው ወንዝ ወሰደው።

ደባልቄ ያመለከተውን አለት የፈለጠው ሺባባው ነው። ሌላው ለአረም ሲበተን እሱ ከዲጂኖውና ከመዶሻው ጋር ብቻውን ቀረ። የድንጋዩ ፍንጣሪ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋቸው።

ከአለቱ በላይ ያለው ደግሞ የአትጠገብ የገብስ ማሳ ነበር፤ ከዚያ በቀር መተላለፊያ የለም። አትጠገብ ባሏ የሞተባት፣ ሌላ መሬት የሌላት ሴት ናት። «እለፉበት» አለች፤ ገብሱ ገና እሸት ሳለ አጥሩን በእጇ ነቀለች። ዛሬ የሰው አረም እያረመች ታድራለች።

መንገዱ ተከፈተ። ጨው ገባ። በምጥ የተያዘች ሌላ ሴትም በቃሬዛ ወርዳ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ በኋላ ለአዲሱ አቀበት ስም እንዲያወጡለት ባለጉዳዮቹ አያ ጓንጉል ደጅ መጡ።

«ልጄ መቃብር የለውም» አሉ የደባልቄ እናት እማማ ወለላ። «ስሙ እንኳ የሚያርፍበት ይኑረው።»

«መንገዱን እኔ አላየሁትም» አለ ሺባባው። «በስሜ ሲጠሩት ልስማው።»

አትጠገብም ተናገረች። «ማሳው በባሌ ስም ነበር የሚጠራው፣ የአስረስ ማሳ። መንገዱ ሲመጣ እሱም ተረሳ። ለራሴ አይደለም የምለምነው።»

ከጎረቤት አንዱ «የሁሉንም ስም አንድ ላይ ብናደርገውስ?» አለ።

«ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሦስት ስም አይጠራም» አሉ አያ ጓንጉል። «አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል።»

ዓይናቸውን ወደ አገሩ መለሱ። ያ ጉብታ አንዱ የወደቀበት፣ ያ ሜዳ ሌላው የተቀበረበት፤ ስሙን ሁሉ ያወጡት እሳቸው ነበሩ።

«ሰለቸኝ፣ ልጆቼ» አሉ። «አንዱን ስጠራ ሁለቱን ልቀብር ነው።»

ማንም ከደጃፉ አልተነሳም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ አቀበቱ የሚገባው ለማን ነው? ሕይወቱን ለሰጠው ለደባልቄ፣ ብርሃኑን ላጣው ለሺባባው፣ ወይስ እንጀራዋን ለለቀቀችው ለአትጠገብ ባል ለአስረስ?