በክር የታሰረው ጌሾ

አንድ ንጉሥ ነበር። በእልፍኙ ደጃፍ ሟች እናቱ በእጇ የተከለችው ጌሾ ነበረው። ጌሾ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ንጉሡም ይህን እያየ የእናቴ በረከት ከእኔ ላለመራቁ ምልክቱ ይኸው ነው ይል ነበር።

አንድ ዓመት አትክልተኛው እንደ ደንቡ ጌሾውን ከረከመው። አንድ ቅርንጫፍ ደረቀበት። ሰውየው ሳይደብቅ ሄዶ ለንጉሡ ተናገረ። በዚያው ቀን በሰንሰለት ታስሮ ወደ ግዞት ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። በቦታው ቢሻው የሚባል ሰው ተሾመ። ሹመት ነው ቢሉትም እሱ ግን ከሞት ጥሪ አልለየውም።

ቢሻው ጌሾ ማሳደግ ያውቃል፤ ነገር ግን የፈራ እጅ የሚያውቀውን ይረሳል። ቢላ ላያነሳ ማለ። ይደርቅብኛል ብሎ ስለሰጋ ጠዋትም ማታም ውሃ ያጠጣው ጀመር፤ ክረምት ገብቶ ዶፍ ሲወርድም አላቆመም። ሥሩ ጨቀየ። ከታች በኩል ቅጠሉ ቢጫ መሆን ያዘ። የመጀመሪያውን ቢጫ ቅጠል ያየ ዕለት ግራ ቀኙን አየና ቀጥፎ ብብቱ ውስጥ ሸሸገው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሳይነሳ እየማለደ ቢጫውን መልቀም ሥራው ሆነ። ሹማምንቱ ሲያልፉ ያዩታል፤ ዝናቡ ከእልፍኙ አላስወጣ ያለው ንጉሥ ሲጠይቃቸው ግን እንደ ጽድ ለምልሟል ይሉታል።

ሚስቱ ስንዱ ነገሩ ገባት። ውሃውን ተወውና ቦይ ቅደድለት፣ ዝቅ አድርገህ ቁረጠው፣ ያቆጠቁጣል አለችው።

«በየትኛው አንገቴ?» አላት።

ስንዱም ምክሯን ተወች። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

መስከረም ሲጠባ ንጉሡ አዋጅ አስነገረ። ለእናቱ መታሰቢያ የሚጣለው ጠጅ በዚያው ጌሾ ይሆናል፤ የመጀመሪያውንም ቅርንጫፍ ራሱ ይቆርጣል። ቢሻው ይህን ከሰማ ወዲህ እህል በአፉ አልዞር አለ። ጌሾው ከመለቀም ብዛት ራቁቱን ቀርቶ ነበር። በዕለቱ ማልዶ ከገዛ ጓሮው ለምለም ቅርንጫፎች ቆርጦ አመጣና በደረቁት ላይ በክር አሰራቸው። ንጉሡ ሳይነሳ ለመጨረስ ስለቸኮለ አጥብቆ አላሰራቸውም።

ንጉሡ ከነሹማምንቱ መጣ። ቅርንጫፉን ያዝ ሲያደርገው ቢላ ሳይነካው ተመዞ በእጁ ቀረ። ክሩ ተንጠለጠለ። ቢሻው በግንባሩ ተደፋ።

«መታመሙን ስለምን አልነገርከኝም?» አለው ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ የነገረዎትን ሰው የት እንዳደረሱት አይቻለሁ።»

ሁሉም ሰይፍ ይመዘዛል ብለው ጠበቁ። ንጉሡ ግን ወደ ሹማምንቱ ዞሮ እናንተስ አይታችሁ ነበር ወይ ሲል ጠየቃቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ከአትክልተኛው ወደ ንጉሡ ተሻገረ። ጎተራው ሙሉ ነው ያሉት፣ ሕዝቡ ይወድዎታል ያሉት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

ንጉሡ ቢሻውን ማረው፤ ጌሾውንም እንዲቆርጠው አዘዘ። ሥሩ በስብሶ ነበርና አላቆጠቆጠም። ጌሾው በተቆረጠ ማግስት ከጠረፍ የመጣ መልእክተኛ አገር አማን ነው አለው። ንጉሡ የሰውየውን ፊት ትኩር ብሎ አየው፤ እውነቱን ይሁን ፈርቶ ይሁን መለየት አልቻለም። ምሳ ሳይቀምስ ዋለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደባቂውን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ክፉ ወሬ ያመጣለትን የሚቀጣ ሰው ዙሪያውን በደባቂዎች ይከበባል፤ መጨረሻ ላይም ደግ ወሬ እንኳ ያስፈራዋል።

እርስዎስ? በቤትዎም ሆነ በሥራዎ ደፍሮ «ይህ ነገር ተበላሽቷል» የሚልዎት ሰው አለ? ከሌለ፣ የተበላሸ ነገር ስለሌለ ነው ወይስ ስለሚፈሩዎት?