ግድግዳ የምትመታው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አላገኘችም። ሐኪሙን አዳረሰች፣ ጾመች፣ ጸለየች፣ አልሆነም። በመጨረሻ ከባሏ ጋር ተማክረው ወላጅ የሌለው ልጅ ወስደን እናሳድግ ብለው ማመልከቻ አስገቡ።

ስሟን ትርሲት እንበላት። እዚህ ከተማ የለችም፤ ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጓት።

ትርሲት ልጅ ለማሳደግ ምን ምን አምጪ እንደተባለች ልንገራችሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጪ። ከፖሊስ የጣት አሻራ አምጪ። ጤነኛ መሆንሽን ሐኪም ይጻፍልሽ። ሥራ እንዳለሽ መሥሪያ ቤትሽ ይመስክር። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ አምስት ቀን ሥልጠና ግቢ ተባለች። ልጅ ሲያለቅስ ምን ይደረጋል? ምግብ እምቢ ሲልስ? ስትናደጂ ድምፅሽን እንዴት ዝቅ ታደርጊያለሽ? ትርሲት አንድ ቀን አልቀረችም፤ ሁሉንም በደብተር ጻፈች። የሰጧትን የምስክር ወረቀት መስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው።

ከግድግዳው ማዶ ዝናሽ የምትባል ጎረቤት አለቻት። ግቢያቸው አንድ ነው፤ የልብስ ማስጫ ሽቧቸውም አንድ ነው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ማንኪያ ሲወድቅ ያሰማል። ዝናሽ ሦስት ልጆች አሏት። ትርሲት ሥልጠናዋን በጨረሰች በሳምንቱ ዝናሽ አራተኛዋን ወለደች።

ዝናሽን ማን ጠየቃት? የጣት አሻራ አምጪ ያላት አለ? አምስት ቀን ያስቀመጣት አለ? ማንም የለም። ወለደች፣ በቃ።

ዝናሽ ደግሞ ትጮሃለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይጀመራል። «ዛሬ ቆዳህን ባልገፍ!» ትላለች ትልቁን። ትርሲት ይህን ስትሰማ ትነሳና መጥረጊያውን ገልብጣ በእንጨቱ ግድግዳውን ትመታለች። ሦስት ጊዜ። ማዶ ዝም ይላል። ትርሲትም ትክክለኛ ሥራ የሠራች ይመስላትና ትቀመጣለች።

ወገኖቼ፣ ይህ ቅናት ይባላል። ለልጆቹ አዝና ነው አትበሉኝ። እርግጥ ታዝናለች፤ ከሐዘኗ በታች ግን ቅናቱ ነበረ፤ አላስበላትም፣ አላስተኛትም።

አንድ ቀን ለባሏ ለመርዕድ እንዲህ አለችው፤ «ለመውለድም ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ ይቺን ሴትዮ ማን ይሰጣት ነበር? አንዱንም አታገኝም ነበር።» መርዕድ ደግ ሰው ነው፣ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን እንደ ድጋፍ ቆጠረችው።

የዝናሽ ልጆች ኳሳቸው በሯ ድረስ ሲንከባለል ለመውሰድ ይመጣሉ። ትርሲት ኳሱን በእግሯ መልሳ በሩን ትዘጋለች። ግቡ ብላቸው አታውቅም። ስለምትጠላቸው አይደለም፤ ስታያቸው ስለሚያማት ነው። እነሱ ግን ይህን በምን ይወቁ?

በዚህ መካከል ለትርሲት የታሰበች፣ ሰምሃል የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ትርሲት በየቅዳሜው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያው እየሄደች ታያት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕፃኗ «እማ» ማለት ጀመረች። ይህን ከሰማች ወዲህ ትርሲት ቅዳሜ እስኪደርስ ቀኑ አይመሽላትም።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ የቤት ጉብኝት። አንዲት ባለሙያ ቅጽ ይዛ መጣች። ቤቱን አየች። ንጹሕ ነው። የልጅ አልጋውን አየች፤ ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም። ጻፈች፣ ጻፈችና «አንድ ጎረቤት ማነጋገር አለብኝ» አለች። «ግድግዳ የሚጋራችሁ ማን ነው?»

ትርሲት በጣቷ ወደ ዝናሽ ቤት አሳየች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ዝናሽን ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ስንት ጊዜ ግድግዳ ተመትቶባችኋል? ስንት ጊዜ በልጆቻችሁ ፊት በር ተዘግቷል? አሁን ብድራችሁን የምትመልሱበት ቀን መጣ። የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነው፤ «ልጅ አታስጠጋም»፤ እሱም እውነት ነው፣ ሐሰት እንኳን አይደለም።

ዝናሽ ሕፃኗን አዝላ ወጣች። ትርሲት ከበሯ ኋላ ቆማ ትሰማለች።

«ወይዘሮ ትርሲት ከልጆች ጋር እንዴት ናቸው?» አለች ባለሙያዋ።

«እውነቱን ልናገር?» አለች ዝናሽ። «የኔን ልጆች አንድ ቀን ግቡ ብላቸው አታውቅም። ስጮህባቸው ግድግዳ ትመታብኛለች። እኔም ዓይኗን ማየት ጠልቼ ነበር። ደግሞ እቀናባት ነበር፣ አልዋሽሽም። ትኩስ ትበላለች እኮ። እኔ ሳይቀዘቅዝ ከበላሁ ስንት ዓመቴ።»

ባለሙያዋ መጻፏን አቆመች። ትርሲት ከበሩ ኋላ ዓይኗን ጨፈነች። ሰምሃል ከእጇ ወጥታ ስትሄድ ታየቻት።

«ግን አንድ ቀን ልብስ ላነሳ ስወጣ፣ የዚችን የሕፃኗን ካናቴራ ከሽቦው አውርዳ ስታሸተው አየኋት። አሸተተችው፣ አሸተተችውና መልሳ ሰቀለችው፤ መቆንጠጫውን ሁሉ እንደነበረ አድርጋ። እኔም ሳታየኝ ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሕፃኗን ልብስ በሷ በር በኩል ነው የማሰጣው።»

ከዚያ ዝናሽ ያዘለቻትን አስተካከለችና «ስጧት» አለች። «እናት ናት። ስትጮህ ግን ትጮሃለች፤ እስካሁን የሚያስጮሃት አጥታ ነው።»

ወገኖቼ፣ ቅናታም የተባለችው ማን ነበረች? ሁለቱም። በአንድ ግድግዳ ሁለት ወገን ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ልጆች፣ ሌላዋ የአንዷን ትኩስ ምሳ ይመኙ ነበር።

ሰምሃል መጣች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም ያለችው ልጅ ሳህኑን ገፍታ ወጡን ምንጣፍ ላይ ደፋችው። ትርሲት ደክሟታል። የምስክር ወረቀቱ ከራሷ በላይ ተሰቅሏል። አፏን ከፈተችና በሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ዛሬ ቆዳሽን ባልገፍ!» አለች።

ይህን ቃል ከየት ተማረችው? በሥልጠናው ደብተር ውስጥ የለም።

ሕፃኗ አለቀሰች። ትርሲት ደነገጠችና ግድግዳውን አየች። የመጥረጊያውን ድምፅ ጠበቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል ብላ ጠበቀች። ይገባኛል ብላም ጠበቀች።

ግድግዳው ዝም አለ። በሩ ግን ተንኳኳ። ዝናሽ ናት፤ ሕፃኗን እንዳዘለች ነው።

«ልጅቱን ወዲህ በዪ» አለች። «አንቺ ፊትሽን ታጠቢ። ከዚያ ተቀመጪና ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ወላጅ ለመሆን ሥልጠና ያስፈልግ ነበር ወይ፣ ፈቃድስ ይሰጥ ነበር ወይ ይሉኛል። እኔ ባጃጅ ነድቼ አውቃለሁ፤ ለባጃጅ ፈትነውኛል፣ አንድ ጊዜም ጥለውኛል። የመጀመሪያ ልጄን ከሐኪም ቤት ስወስድ የተጠየቅሁት «ብርድ ልብስ ይዘሃል?» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ልጅ በእኔ አለማወቅ ስንት ዋጋ ከፍሏል። ስለዚህ ሥልጠና ይምጣ፤ እኔ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ፈቃዱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ማን ይቀመጥ? ትርሲት ብትቀመጥ ዝናሽን ትጥላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ትርሲት ራሷ ትወድቅ ነበር። እኔና እናንተ ብንቀመጥስ ማንን እናሳልፋለን? እውነቱን ተናገሩ፤ የምንጥላቸው ክፉዎቹን ነው ወይስ የምንቀናባቸውን?

እዚህ መካከል የምትቃጠሉ አላችሁ። «አምላኬ፣ ልጅ መያዝ ለማታውቀው ሰጠህ፣ እኔን ረሳኸኝ» ብላችሁ ትራስ ነክሳችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ። አልቆጣችሁም። እግዚአብሔርም የሚቆጣችሁ አይመስለኝም። ካናቴራውን ስታሸቱ አይቷችኋል።

የወለዳችሁ ደግሞ፣ ልጅ ይዛችሁ በሰው ደጅ ስታልፉ ማን ከበሩ ኋላ እንደቆመ ታውቃላችሁ? ልብሳችሁን በየትኛው በኩል ነው የምታሰጡት?

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትጮሃለች። እጃችሁ ወደ መጥረጊያው ይሄዳል፤ አውቃለሁ፣ የእኔም ይሄዳል። መጥረጊያውን ቦታው ላይ መልሱት። ጫማችሁን አድርጉ፣ ዙሩ፣ በሩን አንኳኩና ልጁን ከእናቱ እጅ ተቀበሉ።