ቢምረው ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ዕለት

በልቅሶ ቤት ደረቱን እየደቃ የሚጮህ፣ ነጠላውን ግን ለዝንብ መከላከያ እንጂ ለሌላ ያልፈለገው ሰው ሲታይ፣ ሴቶች አንገት ለአንገት ተጠጋግተው የሚቀባበሏት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን የማያውቅ የለም። እንዴት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን አለስልሶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ እንደ ጨዋታ ነው የሚያወራት። ጨዋታ አልነበረችም። አንዲትን ሴት በቁሟ ሊቀብሯት ጉድጓድ የማሱበት ነገር ነው፣ ዛሬም ሲያነሡት ደም ያፈላል።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት፣ አንዲት ልጇን ስመኝን ለወግ ለማዕረግ አብቅታ፣ ወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬቷ ላይ ጎመንና ሽንኩርት እየተከለች የምትኖር፣ በሰው የማትደርስ ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ቢምረው ነው። ከብቱ ብዙ፣ አፉ ከከብቱ የበዛ፣ የያዘው የማይበቃው ሰው። ያቺን የወንዝ ዳር መሬት ለከብቶቼ መውረጃ ልቀቂልኝ ብሎ ለመናት፤ እምቢ አለች። ሽማግሌ ላከባት፤ «የባሌ አጽመ ርስት ነው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ የማንም ከብት አይረግጠውም» ብላ መለሰቻቸው። ቢምረው ነገሩን በሆዱ ያዘው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የቢምረው ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ማገጥ የሚሉትን ለምለም ሣር ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ የጋጠች ከብት እንደምትነፋ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቢምረውም አሳምሮ ያውቀዋል። ቢያውቅም በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት፣ ጣቱን ወደ ደብሪቱ ቀስሮ፣ «ጊደሬን የበላቻት ይቺ ናት። ዓይኗን ጥላባት ነው። ቡዳ ናት» አለ።

ይኸው ነው። አንዲት ቃል ተናግሮ፣ አህያውን ጭኖ፣ እየዘፈነ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደብሪቱን ቡዳ ብሎ የጠራት አንድ ሰው የለም። ምን በወጣቸው፣ ጨዋዎች አይደሉ? አፋቸው ዝም ሲል እጃቸው ነበር የሚናገረው። ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ስታገኛት ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። እሷ የገባችበት ቤት ቡሃቃው ይከደናል፣ የሚበላው ሰው ጀርባውን ይሰጣታል። «እንደምን አደርሽ ደብሪቱ» ይሏታል፣ ጥርሳቸው እየሳቀ፤ እግራቸው ግን ወዲያውኑ ሌላ መንገድ ይይዛል። አንዱ በወጣለትና በሰደበኝ እያለች ትመኝ ነበር። ለሰደበ ሰው መልስ አይጠፋም፤ ነጠላ ለሳበች ሴት ግን ምን ተብሎ ይመለስላታል? «ለምን ሳብሽ» ብትላት «በርዶት ነው» ትላለቻ።

ይህንንስ ቻለችው። ያልቻለችው የስመኝን ነው። ስመኝ አርግዛ ነበር፤ የበኩር ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለድ፣ ወጉ ነው። ደብሪቱ የገንፎ እህሏን አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ ስትጠብቅ፣ የልጇ አማት ባሻ ደርሰህ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ እዚሁ ትገላገል» ብለው ላኩባት። ስመኝ እዚያው ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ደብሪቱ አጥሚቷን ይዛ ብትሄድ የባሻ ሚስት በር ላይ ተቀበሏትና «አራሷ ተኝታለች» አሏት። ሌላ ቀን ብትሄድ «ልጁ ተኝቷል» አሏት። በመጨረሻ የሄደች ዕለት ልጁ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ይሰማል፣ ስመኝም «እሹሩሩ» ስትለው ይሰማል፤ ሴትዮዋ ግን በሩ ላይ እንደ ግንብ ቆመው፣ ፈገግ ብለው፣ «ሁለቱም ተኝተዋል፣ እንግዲህ በሌላ ቀን» አሏት። ደብሪቱ አጥሚቱን እደጃቸው ላይ ገልብጣው ተመለሰች። ቤቷ እስክትገባ ጥርሷን እንደነከሰች ነበር።

በዚህ መሀል የአገሩ ጭቃ ሹም ሞተና ሹመቱ ቢምረውን አማረው። ሽማግሎቹን ደጅ ቢጠና፣ «ከጎረቤቱ የተጣላ ሰው አገር አይዳኝም፤ መጀመሪያ ከደብሪቱ ታረቅ» አሉት። የዕርቁ ነገር እንዲህ ነው የመጣው። ጸጸት ያመጣው እንዳይመስላችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ጋ ተሰበሰበ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይመጣና ተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳይ ድንጋዩን ካነሣለት ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር መልሶ የሚያነሣ ጸብ ጫሪ እሱ ነው። ዕርቁን የሚመሩት አያ ወሰኔ ነበሩ፣ በአገሩ ላይ የመጨረሻው ሽማግሌ። ባሻ ደርሰህም ከሽማግሎቹ አንዱ ሆነው ተቀምጠዋል። የቢምረው እናት እማሆይ አዝመራ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው፣ ከሰው ገለል ብለው ግንቡ ሥር ቁጭ ብለዋል።

ቢምረው መጣ። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ወፍጮ መጅ ያለ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ጭኖ፣ «እኔ ኃጢአተኛው፣ እኔ ውሻው፣ ይቅር በሉኝ» እያለ፣ እሪታው ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ እማዶ መንደር ድረስ ይሰማል። ደብሪቱ እግር ሥር ተደፋ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ትናንት ነጠላ ሲስቡባት የነበሩት ሴቶች «አይ ሰው ከንቱ» እያሉ እንባቸውን ጠረጉለት። ለእሷ አንድም ቀን አልጠረጉላትም ነበር።

«ደብሪቱ፣ ልጄ፣» አሉ አያ ወሰኔ፣ «ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? ተነሺና ድንጋዩን አንሺለት።»

ደብሪቱ ተነሣች። እውነት ለመናገር ልቧ ራርቶ ነበር፤ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት አልለመደችም። ጎንበስ ብላ እጇን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፍ፣ ከነጠላው ሥር ለእሷ ብቻ የሚሰማ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ቶሎ በያ፣ አንቺ። አንገቴን ልትሰብሪው ነው?»

ወዲያውም መለስ አለና «ይቅር በሉኝ ወገኖቼ» ብሎ ጩኸቱን ለቀቀው። ደብሪቱ ዝቅ ብላ በነጠላው ቀዳዳ አየችው። ዓይኑ ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ይገላምጣታል። እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሣችና ቀና አለች፤ ያ ሲብላላ የከረመ ንዴቷ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

«ምነው?» አሉ አያ ወሰኔ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይቅር በሉኝ የሚለው ምን አድርጎ ነው?»

ሰው አጉረመረመ። «እሱማ የታወቀ አይደለም እንዴ፣» አሉ ሽማግሌው።

«የታወቀ ከሆነ ይናገረዋ። ገበያ መሀል ቡዳ ናት ያለ አፍ ዛሬ ምን ለጎመው? በአፉ ያወጣውን በአፉ ይመልሰው። ‹ዋሽቼ ነው› ይበል፤ ድንጋዩን ካስፈለገ እኔው ተሸክሜ ቤቱ አደርስለታለሁ።»

ቢምረው ጩኸቱን ጨመረ። ኃጢአተኛ ነኝ አለ፣ ውሻ ነኝ አለ፣ ትቢያ ነኝ አለ። ዋሽቻለሁ ግን አላለም። ውሻና ትቢያ ጭቃ ሹም መሆን ይችላሉ፤ የማይሾመው ውሸታም ነው።

በዚህ ጊዜ ባሻ ደርሰህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ ደብሪቱ፣ ነገር አታክሪ። ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ እግርሽ ሥር ወድቋል። ከዚህ ወዲያ ምን ቃል ያስፈልጋል?»

ደብሪቱ ወደ እሳቸው ዞረች። «ባሻ፣ አሁን ይህን ድንጋይ ባነሣው፣ ዛሬውኑ የልጅ ልጄን አምጥተው ያሳቅፉኛል?»

ባሻ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው በከዘራቸው ጫፍ አፈሩን ይጭሩ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲጭሩ ያያቸዋል።

«በቃ፣ መልሱን ሰማሁት፣» አለች። «ይኸው፣ ድንጋዩ ከቢምረው ጫንቃ ቢወርድ የሚወጣው እኔ ጫንቃ ላይ ነው። እሱ ታርቆ ሊሾም፣ እኔ ታርቄ ሕፃን ሊሸፈንብኝ። ያንን ልጅ ዓይኑ የእናቱን ይምሰል የአባቱን አላውቅም። ያረፈብኝ ቃል ነው፤ በድንጋይና በእሪታ አይታጠብም። ቃሉ ከከበደው ደግሞ ይተወው። እያለቀሰ አይደል? ነጠላውን ግለጡና አንዲት ዘለላ እንባ አሳዩኝ። አንዲት። አሁኑኑ አነሣለሁ።»

«ድፍረት ነው፣» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ልበ ደንዳና ናት፣ እንዲያው በከንቱ አልተወራባትም፣» አለች ሌላዋ። አያ ወሰኔ ግን ሁለቱንም አልሰሟቸውም። ተነሥተው መጡና በዱላቸው ጫፍ ነጠላውን ከቢምረው ፊት ገለጡት።

ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ቢምረው ዓይኑን ጨፈነ፣ ጨመቀ፣ ፊቱን እንደ ደረቀ ቃሪያ አጨማደደ። ምንም የለም። «ወይኔ ወይኔ» እያለ ዓይኑን ከትከሻው ጋር አሸ፤ ቀላ እንጂ አልረጠበም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። ቢምረው ራሱ እንግዳ ነገር ሆኖበት ጩኸቱን አቆመ።

አያ ወሰኔም ወደ ግንቡ አዩ። እማሆይ አዝመራ ከተቀመጡበት አልተነሡም፣ አልጮሁም፣ ደረታቸውን አልመቱም። እንባቸው ግን በተሸበሸበው ጉንጫቸው ላይ ወርዶ፣ አገጫቸው ላይ ተጠራቅሞ፣ ልብሳቸውን አርሶታል።

«እማሆይ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አገኘዎት?» አሏቸው።

«ጊደሯን ማለዳ ማገጡ ውስጥ የለቀቃት እሱ ነው፣» አሉ እማሆይ። «ልጄ፣ ጤዛው ይርገፍ ብዬው ነበር። እዚያው ተነፍታ ስትወድቅ ሁለታችንም ቆመን አይተናል። ገበያ ወጥቶ ያንን ነገር እንደተናገረ ስሰማ፣ የወለድኩት ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ደብሪቱ ቤቴ ስትመጣ ቡሃቃዬን ከድኜባታለሁ። እያወቅሁ ነው የከደንኩት።»

ቢምረው ድንጋዩን ከጫንቃው ወርውሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ዝም በይ አንቺ አሮጊት፣ ጃጅተሻል» አላት የወለደችውን እናቱን፣ በሰው ፊት። እግር ሥር ወድቆ የነበረው ትቢያ በአንድ አፍታ የት እንደገባ አልታወቀም። ድምፁም ከዕለቱ ሁሉ ያን ጊዜ ነበር ከልቡ የወጣው።

ደብሪቱ ወደ እማሆይ ሄደች። እሳቸውም ላይ ተናዳለች፤ እንዴት አትናደድ፣ አንዲት ቃል ተናግረው ሊያድኗት ሲችሉ ቡሃቃ የከደኑባት ናቸው። አጠገባቸው ደርሳ ቁጢጥ አለችና በነጠላዋ ጫፍ አገጫቸውን ጠረገችላቸው።

«እርስዎን ይቅር ብያለሁ፣» አለች። «እሱን አላልኩም። ‹ዋሽቼ ነው› እስኪል ድረስም አልልም፤ ሽማግሎቹም አያስገድዱኝ።»

ባሻ ደርሰህ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ማንንም ቀና ብለው አላዩም። «ልጁን እኔው ራሴ አቅፌ አመጣዋለሁ፣ እናቱንም አስከትዬ፣» አሉና ቁልቁለቱን ወረዱ። ሴቶቹ ጨቅላዎቻቸውን ከሸፈኑበት ነጠላ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ፤ ደብሪቱ ግን አንዳቸውንም ዞራ አላየቻቸውም፣ ዓይኗን ባሻ በወረዱበት መንገድ ላይ ተክላ ነበር።

ቢምረው ሹመቱ ከእጁ ሲወጣ ታየው። አያ ወሰኔ ፊት ቀርቦ፣ «አያ፣ የእኔስ ነገር? ይህን የሚያህል ድንጋይ የተሸከምኩት በከንቱ ሊቀር ነው? ከማለዳ ጀምሮ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አላለቀስኩም?» አለ። አያ ወሰኔም ከእግር እስከ ራሱ አዩትና እንዲህ አሉት፦ «ጩኸትህንማ አገር ሰምቶልሃል፤ ያልሰማህ የገዛ ዓይንህ ነው። ሂድ ወደ ቤትህ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።»